ካልጋበዟት አትገባም

ሥራዬ ሰው ማስፈራት ነው። አጫጭር አስፈሪ ፊልሞች እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት ሦስተኛው ፊልሜ አዲስ አበባ በትልቅ አዳራሽ ሲታይ አንዲት ሴትዮ ነጠላ ጫማዋን ጥላ ወጥታለች፤ ጫማው እስከ ዛሬ ዘበኛው ጋ አለ። ፊልሙ ባለቀ ቁጥር ታዲያ አንድ መነጽር ያደረገ ልጅ ከኋላ ወንበር እጁን ያወጣና «የምታደንቂው ዳይሬክተር ማነው?» ይለኛል። እኔም የጃፓን ስም፣ የኮሪያ ስም፣ የጣልያን ስም እደረድርለታለሁ፤ እሱም ይጽፋል። ሰዎቹን በእውነት እወዳቸዋለሁ፤ ሥራቸውን ለማየት እራቴን የተውኩበት ቀን ብዙ ነው። ግን ዋሽቼዋለሁ። እንደ ሰላሐዲን ያስፈራኝ ዳይሬክተር አልተወለደም፤ ሰላሐዲን ደግሞ በዕድሜው ካሜራ ነክቶ አያውቅም።

ሰላሐዲን ቦንጋ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣ ቪዲዮ ቤት ነበረው። የጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተቸንክሯል፤ አምስት አግዳሚና አንድ ቴሌቪዥን አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ የፊልሙ ድምፅ ጭራሽ አይሰማም። እኛ አገር ደግሞ «ዝናብ መጣ» ማለት ወሬ አይሆንም፤ ወሬ የሚሆነው ሲሄድ ነው። ስለዚህ ሰላሐዲን ራሱ የሸምበቆ ዘንግ ይዞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉምልን ነበር። ሴቷ ስትናገር እንደ ሴት፣ ሽማግሌው ሲያስል እንደ ሽማግሌ፣ በሩ ሲጮህ እንደ በር።

ዘመኑ 2000 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን «የመዝሙር ልምምድ አለብኝ» እላትና በእንሰቱ መሀል ሾልኬ ወደ ጋሽ ሰላ እሮጣለሁ። ስሜ ወንጌላዊት ነው፤ በዚህ ስም ላይ የሠራሁትን ግፍ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

«ዳይሬክተሩን እዩልኝ!» ይል ነበር ጋሽ ሰላ ፊልሙን አቁሞ፣ ስክሪኑን በዘንጉ ነካ እያደረገ። «ጭራቁን አሳያችሁ? አላሳያችሁም። ብልጥ ነዋ! ያየኸውን ነገር ትለምደዋለህ። ያላየኸውን ግን ይዘኸው ቤትህ ትገባለህ።» ሌላ ጊዜ ደግሞ «የሚሮጥ ነገር ምን ያስፈራል? ውሻም ይሮጣል። ቆሞ የሚያይህን ፍራ» ይላል። እኔ ኋላ ላይ ሁለት ዓመት የፊልም ትምህርት ቤት ተመላልሼ ከዚህ የበለጠ ነገር የነገረኝ አስተማሪ የለም።

አንድ ቅዳሜ ሽፋኑ የተቀደደ ፊልም አመጣ። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ ራሱ «ካልጋበዟት» ብሎ አወጣለት። ነገሩ እንዲህ ነው። ጫካ ዳር አንድ ቤት አለ። እዚያ ቤት አንዲት እናትና አንዲት ልጅ ይኖራሉ። ጉም በወረደ ቁጥር ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት ትመጣና ትቆማለች። በቃ፣ መቆም ብቻ። አትናገርም፣ አትጮህም፣ አትገባም። ካሜራው መጀመሪያ ባዶውን አጥር ያሳየናል፤ ሌላ ነገር አሳይቶን ሲመለስ እሷ አለች። ስንመለከታት ደግሞ ፊቷ የእናትየው ፊት ነው፤ ያረጀ ብቻ።

«ይቺ ሴት ሙት ናት» አለ ጋሽ ሰላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሙት ደግሞ ካልጋበዟት አትገባም። መልኳን አያችሁ? የእናትየዋን መልክ ለብሳ ነው የመጣችው። ልትተካት ነው!»

አጠገቤ የተቀመጠው ሀምዛ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ክንዴን ይዞ አልለቅም አለ። ፊልሙ ግን ሁለት ሲዲ ነበር። የመጀመሪያው አለቀና ጋሽ ሰላ ሁለተኛውን ሲያስገባ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ሲዲውን አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገው፣ ተነፈሰበት፣ በስመአብም በቢስሚላሂም ሞከረው፤ እምቢ አለ። ልጆች መጮህ ጀመሩ። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን አጠፋውና በጨለማው ውስጥ መጨረሻውን በአፉ ነገረን።

«አንድ ቀን እናትየዋ የለችም። ልጅቷ ብቻዋን ናት። ሙቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥሩን አልፋ በሩ ድረስ መጣች። 'ልግባ?' አለች። ልጅቷ ግን ብልህ ናት። በሩን ከፍታ ዓይኗን እያየች 'የምትፈልጊያት የለችም። ሞታለች' አለቻት። ሙት ከሙት ጋር ምን ሥራ አላት? አንገቷን ደፍታ ሄደች። ሁለተኛም አልመጣችም።»

ከዚያ ቤት ስንወጣ ውጭው ገና ብርሃን ነበር፤ ግን ማናችንም ብቻችንን ለመሄድ አልደፈርንም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሴትየዋን ጓሯችን አየኋት።

የምንኖረው እትዬ በዛወርቅ ግቢ ተከራይተን ነው። አባቴ ጋሽ ከፈለኝ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። እናቴ ብርቄ ደግሞ በር ላይ ፓስቲ እየጠበሰች ለተማሪና ለመምህር ትሸጣለች። የእማዬ ፓስቲ ስም ነበረው፤ እትዬ በዛወርቅ ራሳቸው ጠዋት ጠዋት ሁለት ሳይበሉ ከቤት አይወጡም። ያን ዓመት እማዬ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እግሯ አብጦ፣ ፊቷ ከስቶ፣ ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። ትሞትብኛለች ብዬ እፈራ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ማታ ማታ ትንፋሿን እሰማ ነበር።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ጉሙ ከባርታ ተራራ ወርዶ እንሰቱን ውጦታል። ለሽንት ወደ ጓሮ ስወጣ አጥሩ ባዶ ነበር። ስመለስ እሷ አለች። ከአጥሩ ውጭ፣ ሁለት የእንሰት ቅጠል መሀል ቆማለች፤ ባዶ እግሯን፣ ጠቆር ያለ ኩታ ራሷ ላይ፣ ጀርባዋ ላይ የከሰል ጆንያ። ሦስት ጊዜ አሳለች። እማዬ ያን ከባድ ሆዷን ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች። በሰሃን ሳይሆን በእንሰት ቅጠል ምግብ ይዛለች። ቅጠሉን በአጥሩ ቀዳዳ አሳልፋ መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ሴትየዋ አነሳች። ከዚያ እማዬ ከጆግ ውሃ አፈሰሰችላት፤ ሴትየዋ በመዳፏ እየተቀበለች ጠጣች። እጃቸው አልተነካካም። እና እማዬ፣ ከእኛ ጋር ከአማርኛ በቀር የማትናገረው እማዬ፣ በካፍኛ ዝቅ ብላ ታወራታለች።

ሴትየዋ ስትጠጣ ኩታው ከራሷ ላይ ወረደ። ፊቷ የእማዬ ፊት ነበር፤ ያረጀ ብቻ።

እርግጥ ያቺን ከሰል ሻጭ ከዚያ በፊትም ሳላያት አልቀርም፤ ግን ከሰል ሻጭን ማን ያያል? ያን ቀን ነው በጋሽ ሰላ ዓይን ያየኋት። እሷም አየችኝ። ጎንበስ ብላ አንድ ነገር በካፍኛ አለችኝ። እማዬ ዞር ብላ ስታየኝ ዓይኗ ቀልቷል።

«እማዬ፣ ታለቅሻለሽ?»

«ጭሱ ነው። ግቢ» አለችኝ። ጭስ ግን አልነበረም።

ሴትየዋ ያለችኝን ቃል በአፌ እንደያዝኩ ወደ እትዬ በዛወርቅ ሄድኩና ትርጉሙን ጠየቅኳቸው። ሳቁ።

«'በአንቺ ፋንታ እኔ ልሙት' ማለት ነው። ማነው ያለሽ?»

«አንዲት ሴትዮ።»

ሳቃቸው ቆመ። «ከአጥር ውጭ ናት?»

«አዎ።»

«ቦታዋን ታውቃለች፣ ጥሩ ነው። ልጄ፣ እንዳትገባ! የእነሱ እግር የረገጠው ቤት ቤት አይሆንም። እናትሽ በቅጠል ነው አይደል የሰጠቻት? ጎሽ፣ ብርቄ አስተዋይ ናት። ቅጠሉን ግን ታርቀው በያት።»

ወይ ጉድ! እትዬ በዛወርቅም ያውቃሉ ማለት ነው። ጋሽ ሰላ የነገረን ሁሉ እውነት ነው። እንደማትገባ ያውቃሉ፣ መግባት እንደሌለባት ያውቃሉ፣ በእማዬ ፋንታ ልትሆን እንደመጣች ያውቃሉ። አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኔ ዛሬ መስማቴ ነው።

አሁን ማንም የሚያውቀውን እኔም አውቃለሁ። ማንጆ ይሏቸዋል። ጫካ ዳር የሚኖሩ፣ ማገዶና ከሰል እያመጡ ከተማውን የሚያሞቁ ሰዎች ናቸው። ሌላው «የማይበላ ይበላሉ» እያለ በቤቱ አያስገባቸውም፣ በዕቃው አያበላቸውም ነበር፤ ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል ይባላል፣ ያልተለወጠውንም አይቻለሁ። ያ «ልሙት» የሚሉት ነገር ዝቅ ብለው እንዲሰጡ የተገደዱት ሰላምታ ነበር። እማዬ በልጅነቷ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገብታ፣ ዋጫ ከተማ አድጋ፣ እዚያው ከአባዬ ጋር ተጋብታ ቦንጋ ስትመጣ ከየት እንደሆነች የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም። ብትናገር ማን ከእጇ ፓስቲ ይበላ ነበር? ይህን ሁሉ አባዬ የነገረኝ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ግን የማውቀው አንድ ዳይሬክተርና አንድ ፊልም ብቻ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ሴትየዋ ትመጣለች፣ ሦስት ጊዜ ታስላለች፣ እማዬ ትወጣለች፣ ስትመለስ የበለጠ ከስታ የምትመለስ ይመስለኛል። እየመጠመጠቻት ነው ብዬ ደመደምኩ። ጨው ሰርቄ በአጥሩ ሥር በተንኩ፤ በማግሥቱ ዝናቡ አጠበው። «አባታችን ሆይ» አልኩ፤ እሱን እያልኩም ስታስል ሰማኋት።

አንድ ምሽት ራት ላይ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏቸው እማዬና አባዬ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«አንድ ቀን እንኳ ትግባ፣ ከፈለኝ» ትላለች እማዬ። «ስወልድ ማን አለኝ? ሰውን ሁሉ የምታርሰው እናት ናት።»

«እናት» ለምትለዋ ቃል ቦታ አልሰጠኋትም። ሁሉም ሰው እናት አለው፤ የእማዬ ደግሞ ድሮ ሞታለች ተብሎ ነው የተነገረኝ። ጆሮዬን የያዘው «ትግባ» የሚለው ነበር።

«ብርቄዬ፣ እሷ ከገባች እኮ እኛ እንወጣለን» አለ አባዬ። «ለእኔማ ምን ገዶኝ። እትዬ በዛወርቅን ታውቂያቸዋለሽ።»

«እሺ በቃ። ሆድ ይፍጀው» አለች እማዬ።

ብርድ ልብሴን እስከ ዓይኔ ሳብኩት። እማዬ ልትጋብዛት ነው። ድክም ብሏታል፣ ልትሸነፍ ነው። አባዬም ልብ የለውም፤ ጂኦግራፊ እንጂ ሌላ አያውቅም። እናቴን የማድነው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ወሰንኩ።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እማዬን ምጥ ያዛት። ደጁ ድንጋይ ላይ ቆማ መኪና ስትጠብቅ ደም በእግሯ ወረደ። አባዬ ደግፎ የሰው መኪና ውስጥ አስገባት። ሴቶች «ማርያም ማርያም» አሉ። እማዬ በመስኮት «ወንጌል፣ በር ዝጊ፣ ቤት ሁኚ» አለችኝ፤ ከንፈሯ ነጭ ነበር። እትዬ በዛወርቅ «እስከ እኩለ ቀን እመለሳለሁ» ብለው ገበያ ሄዱ። ግቢው ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ጉሙ ያን ቀን በአራት ሰዓት ወረደ። ቤቱ ውስጥ የፓስቲው ዘይት ይሸታል፤ ሊጡ እንደተቦካ ቀርቷል። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ከጓሮ ሳል ሰማሁ። ሦስት ጊዜ። እንደገና ሦስት ጊዜ። ከዚያ ሳሉ ቆመ። «ያላየኸውን ይዘኸው ትገባለህ» ያለው ጋሽ ሰላ ትዝ አለኝ። ቀጥሎ የሰማሁት የግቢውን የቆርቆሮ በር ነው። ሲከፈት ይጮሃል፤ ጮኸ።

ርምጃዋ በጭቃው ላይ ቀስ ብሎ መጣ። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት እግሮቿን አየኋቸው። ከሰል የጠገቡ፣ ጣታቸው የተከፈተ፣ ዝናብ ያራሳቸው። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ድንጋዩን አልረገጡትም።

«ወንጌል» አለች።

ስሜን ታውቃለች!

«ወንጌል። እናት አለች?» አማርኛዋ የተሰባበረ ነው። «ደም አየሁ። ድንጋይ ላይ ደም አለ። እናት የት አለች? ልግባ?»

ከበሩ ራቅ አልኩ።

«ትንሽ ልግባ። ልያት ብቻ። ልግባ?»

ልክ ጋሽ ሰላ እንዳለው ነው። ፈቃድ እየጠየቀች ነው። ፈርቻለሁ፣ ግን ልቤ ውስጥ አንድ ኩራትም ነበር፤ መጨረሻውን የማውቀው እኔ ነኛ። መወርወሪያውን ሳብኩና በሩን ከፈትኩ። እማዬ፣ ሠላሳ ዓመት ያረጀች እማዬ፣ ፊት ለፊቴ ቆማለች። እጇ ወደ በሩ መቃን ተዘርግቷል፤ አልነካችውም። አሮጊት ናት፤ ግን «አንቱ» አላልኳትም፤ ማንም አይላትም ነበር። ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ በሩን እንደያዝኩ፣ ድምፄን እንደ ጋሽ ሰላ አወፍሬ ተናገርኩ።

«የምትፈልጊያት የለችም። ሞታለች።»

አልጮኸችም። ድንጋዩ ላይ ያለውን ደም አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ደሙን አየች። ከዚያ ተንበረከከች፤ ከኩታዋ ሥር አንድ ጥቅል አውጥታ መሬት ላይ አኖረች። ተነስታ ጀርባዋን ሳትሰጠኝ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄደች። የግቢው በር ጋ ስትደርስ ያንን ቃል አለችው፣ «በአንቺ ፋንታ እኔ ልሙት» የሚለውን። ለእኔ ግን አይደለም። በእኔ አናት ላይ አሻግራ ወደ ቤቱ ውስጥ፣ የእማዬ አልጋ ወዳለበት ነበር የምታየው። ጉሙ ዋጣት።

«እሰይ!» ብዬ ዘለልኩ። አፈር ልሁን፤ ዘለልኩ።

ጥቅሉን ስፈታው በቅጠል የተጠቀለለ የጫካ ማርና አንድ የቆዳ አንቀልባ አገኘሁ። አንቀልባው ገና አዲስ ነው፤ ጠርዙ ላይ ትናንሽ ዛጎሎች ተሰፍተውበታል። የሰው ቆዳ መሰለኝ። በእንጨት ገፍቼ ገፍቼ ወደ እንሰቱ ወሰድኩት፣ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ጨው ነሰነስኩበት፣ ማሩን ሳልቀምስ አብሬ ቀበርኩት። ማታ አባዬ እየሳቀ መጣ። ወንድሜ ኢያሱ ተወልዷል፣ እማዬ ብዙ ደም ፈሷታል ግን ተርፋለች። አድኜያታለሁ! ለማንም አልተናገርኩም፤ ጀግና አያወራም።

እማዬ ከሆስፒታል ስትመለስ ሐሙስ ሐሙስ ኢያሱን አቅፋ ጓሮ ትቆም ጀመር። አጥሩ ባዶ ነው። ትቆማለች፣ ታያለች፣ ትገባለች። «እማዬ፣ ማንን ነው?» ስላት «ከሰል አለቀብኝ» ትለኛለች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ጆንያ ከሰል ነበር።

ኢያሱ አርባ ቀን ካለፈው በኋላ አንድ ጠዋት በነጠላ አዘለችውና «ለጸሎት ነው» ብላ ብቻዋን በዝናብ ወጣች። የተመለሰችው ሊመሽ ሲል ነው። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ። በር ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችኝ። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኢያሱ ጀርባዋ ላይ ነበር፤ በዚያ በቀበርኩት አንቀልባ። ዛጎሎቹ ታጥበው ያበራሉ።

ሽንቴ አመለጠኝ። እውነቴን ነው። የተቀበረ ነገር ተነስቶ ወንድሜን አቅፎታል! ማንንም መጠየቅ አልቻልኩም፤ ከጠየቅኩ የቀበርኩት እኔ መሆኔ ይታወቃል። በዚያው ሳምንት ከእትዬ በዛወርቅ ግቢ ወጣን። እሳቸው የኛን ሰሃኖች በእግራቸው እየገፉ ሲያወጡ፣ የጠጣንባቸውን ስኒዎች ግድግዳ ላይ ሲሰብሩ አየሁ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው!» እያሉ ይጮሃሉ። ቤቱ መንፈስ ስላለበት ነው ብዬ አመንኩ። የፓስቲው ደንበኛም አብሮ ጠፋ፤ እሱም የመንፈሱ ሥራ መሰለኝ።

በአሥራ አምስት ዓመቴ አባዬ ሲነግረኝ ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ሴትየዋ አያቴ ናት፤ ወሰንየለሽ ትባላለች። እማዬ ለእትዬ በዛወርቅ «ያቺ ከሰል ሻጭ እናቴ ናት» ብላ በራሷ አፍ ነገረቻቸው፤ ለዚህ ነው የወጣነው። «አያትሽ በዚያው ክረምት ሞተች» አለኝ አባዬ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም፤ አንቀልባው ከጉድጓዱ እንዴት እንደወጣም። ልጇ ሞታለች ብላ፣ ከእኔ አፍ ሰምታ፣ ያንን ይዛ ሞተች ማለት ነው። ይህንን ይዤ አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ። የምሠራቸው ፊልሞች ሁሉ ውስጥ አንዲት ሴት አጥር ውጭ ትቆማለች፤ ተመልካች ይጮሃል፣ ያጨበጭባል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያንን ሽፋን አልባ ፊልም ከስንት ፍለጋ በኋላ አገኘሁት። እስከ መጨረሻው አየሁት። መጋበዝ የሚል ነገር የለም። «ሞታለች» የሚልም የለም። ጋሽ ሰላ ዛሬ ሺሺንዳ ከተማ ሞባይል ይጠግናል፤ ደወልኩለት። «ኧረ ወንጌል!» ብሎ ሳቀ። «እኔ ምን እንግሊዝኛ አውቄ? ሲዲው ተጭሮ ነዋ። ልጆቹ እንዳይጮሁብኝ ብዬ የፈጠርኩት ነው። አሪፍ ነበር አይደል?» አሪፍ ነበር፤ እውነቱን ነው። ላዝንበት ፈልጌ አቃተኝ። ታሪኩ የእሱ ነው፤ በሩን የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ጥምቀትን ቦንጋ ዋልኩ። እማዬ አሁን የራሷ ትንሽ ቤት አላት፣ በር ላይ ስሟ የተጻፈበት ፓስቲ ቤት፤ የሚበላው ይበላል፣ የማይበላው ያልፋል። ከሰዓት ዝናብ ሲጥል ደንበኛ ጠፋና «ያንን ሰው የሚያስጮህ ፊልምሽን አሳዪኝ እስቲ» አለችኝ። ላፕቶፑን የዱቄት ጆንያ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩላት። ባዶው አጥር መጣ። ካሜራው ዞረ፣ ተመለሰ፤ ሴትየዋ አለች።

እማዬ አልደነገጠችም። ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«እንሰቱ ልክ ነው» አለች። «እሷ ግን እንዲህ ቀጥ ብላ አትቆምም ነበር። ቀኝ እግሯን ታሳርፍ ነበር፣ ያማት ስለነበር።»

ያን ጊዜ የያዝኩት ሁሉ ፈነዳ። ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ። ያን ቀን በር ድረስ መጥታ ነበር። ሞታለች አልኳት። እኔ ነኝ ሞታለች ያልኳት።»

«አውቃለሁ» አለች እማዬ።

ቀና አልኩ። «ማን ነገረሽ?»

«እሷ ነቻ። ማን ሊነግረኝ ኖሯል?» በእጇ ዱቄት ፊቴን ጠረገችው። «አንቀልባ አስቀምጬልሻለሁ አለችኝ። ቤት ስመጣ እንሰቱ ሥር አፈሩ አዲስ ተቆፍሯል። ታዲያ ሌላ ማን ይቆፍራል፣ እትዬ በዛወርቅ?»

«ሳትሞት አግኝተሻታል?»

«ክረምቱን ሙሉ ስመላለስ ነበር። ስትሞትም እጄ ላይ ናት። አባትሽ ያውቃል፤ አንቺ ጠይቀሽ አታውቂም፣ እኔም ልጅ ናት፣ ትርሳው ብዬ ተውኩት።» ዝናቡን አየች። «መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ግን፣ ወንጌል፣ የማንኪራን መንገድ ለቅቄ ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ ልጆች አዩኝና እየጮሁ ሮጡ። ቀጥሎ ሴቶቹ። አብራኝ ያደገች የአጎቴ ልጅ ማጭዷን ጥላ ሮጠች። እኔ አውሬ የመጣ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ለካ የሚሸሹት እኔን ነው። ሰባት ቀን አልቅሰውልኛል፤ ከነሕፃኔ። ማንም አልቀረበኝም። ሄጄ ከእናቴ አጥር ውጭ ቆምኩ። መግባት ፈራሁ። እሷ ራሷን ተላጭታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። አየችኝ። በሕይወት መኖሬን አላወቀችም፤ ዓይኗ ውስጥ አይቼዋለሁ፣ ሙት እያየች ነው። ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።»

«ምን አለችሽ?»

«'ብርቄ፣ ሞተሽም ከሆነ ግቢ' አለችኝ። 'ልጁን ዝናብ እየመታው ነው።'»